መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ቁፋሮ
በዋሽንግተን አካባቢ ለሚሠሩ የነዳጅ ማደያ ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተገለበጠ

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ! ሱቁን ለካሸር አስረክባችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ውላችሁ፣ ማታ ደግሞ እዚህ መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ሎተሪ ማሽን አላወራም፤ ስለ ቡናና ሲጋራ ትርፍም አላወራም። የማወራው ከእግራችሁ ሥር ስለተቀበረው ታንክ ነው። አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። በሚወጣበት ቀን ማን ይከፍላል? የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ቁፋሮ። መፍሰስ በማንም ላይ ይደርሳል። ቤት ንብረት የሚያሸጠው ግን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ቀድሞ የቆፈረ ሰው፣ ከቆፈረ በኋላ የደወለ ሰው፣ ኢንሹራንሱም ስቴቱም «አላማከርከንም» ብለው ይመልሱታል።

ሦስት ነገር አነሣለሁ፦ ሕጉን፣ የማውጣቱን ሥራ፣ ገንዘቡን። ገንዘቡ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። እስከ 1984 ድረስ በአሜሪካ የተቀበረ የነዳጅ ታንክን የሚገዛ አገር አቀፍ ሕግ አልነበረም። ምንም ያልተቀባ ብረት ታንክ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አፈር ይለብሳል፣ ዝገት እየበላው ይኖራል። በ1984 ኮንግረስ ሕጉን አወጣ፤ በ1988 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዝርዝር ደንቡን አወጣ፤ ያረጁ ታንኮች ሁሉ እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1998 እንዲታደሱ፣ እንዲለወጡ ወይም እንዲዘጉ አዘዘ። በዚህ የተነሣ በዘጠናዎቹ ውስጥ ብዙ ማደያ ታንኩን ለወጠ። የታንክ አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና ብዙውን ጊዜ 30 ዓመት ነው። እስቲ ቁጠሩት! በ1995 የተቀበረ ታንክ ዋስትናው አልቋል፤ በ1998 የተቀበረውም እየተከተለው ነው። ኢንሹራንስ ስታድሱ «የታንኩ ዕድሜ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2005 ሌላ ሕግ ተጨመረ። ኢንስፔክተር ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንዲመጣ፣ ሠራተኛ እንዲሠለጥን፣ ደንብ በጣሰ ታንክ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎ ነዳጅ እንዳይራገፍበት የሚያደርገው እሱ ነው። በ2015 ደግሞ ደንቡ ታደሰ፤ አብዛኛው አዲስ ግዴታ ከኦክቶበር 13 ቀን 2018 ጀምሮ ይሠራል። ነዳጅ ሲራገፍ የሚንጠባጠበውን የሚይዘውን ስፒል ባኬትና የመፍሰስ መቆጣጠሪያውን በየ30 ቀኑ ዞሮ ማየት፣ ሰምፑን፣ ማለትም ከፓምፑና ከታንኩ አናት ላይ የሚፈስሰውን የሚይዘውን ጎድጓዳ ሣጥን፣ በየዓመቱ ከፍቶ ማየት፣ የመቆጣጠሪያ መሣሪያውን በየዓመቱ ማስፈተሽ፣ ስፒል ባኬቱንና ታንክ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚያግደውን መሣሪያ በየ3 ዓመቱ ማስፈተሽ። ይህ የፌዴራሉ ዝቅተኛ መስፈርት ነው፤ የእናንተ ስቴት ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለ ሠራተኛ ስልጠና አንዲት ቃል ጣል ላድርግ፤ ብዙዎቻችን ወረቀት ለማሟላት ያህል ብቻ የምናየው ነገር ስለሆነ። ኤ እና ቢ የሚባሉት ኦፕሬተሮች፣ ማለትም ታንኩን በበላይነት የሚመራውና በየቀኑ የሚከታተለው፣ ሥራውን በያዙ በ30 ቀን ውስጥ መሠልጠን አለባቸው። ሲ የሚባለው፣ ማለትም ካሸሩ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሠልጠን አለበት። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣውን የአክስት ልጅ ዛሬ ማታ ብቻውን ካውንተር ላይ ታቆሙታላችሁ። አላርሙ ሲጮህ ምን ያደርጋል? ድምፁን ያጠፋዋል! በአማርኛ አስረዱት፤ የትኛውን ቁልፍ ተጭኖ ፓምፑን ሁሉ እንደሚያቆም በእጁ አሳዩት፤ ለማን እንደሚደውል ጽፋችሁ ከካሸር ማሽኑ ሥር ለጥፉለት።

አላርም ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከባልቲሞር በስተሰሜን ጃክሰንቪል በሚባል ሰፈር፣ በ2006 መጀመሪያ ላይ አንድ ማደያ ውስጥ ጥገና ሲሠራ የነዳጅ መስመር ተበሳ። ከአንድ ወር በላይ ፈሰሰ። ወደ 26,000 ጋሎን ቤንዚን መሬት ገባ፤ በቀን ስታካፍሉት 700 ጋሎን ገደማ ማለት ነው። የአካባቢው ሰው የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ከሕዝብ የተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) በ2009 እና በ2011 እጅግ ግዙፍ ካሳ ፈረደ፤ ከዚያ ብዙው በይግባኝ ተሻረ። እኔን የሚገርመኝ ፍርዱ አይደለም፤ በየቀኑ 700 ጋሎን ሲጠፋ ከተራገፈውና ከተሸጠው መዝገብ ላይ መታየት ነበረበት።

እናንተስ መዝገባችሁን ታያላችሁ? የድሮው የሂሳብ መንገድ እንዲህ ነው፦ በወሩ ውስጥ ከሸጣችሁት 1 በመቶ ውሰዱ፣ 130 ጋሎን ጨምሩበት። በወር 80,000 ጋሎን ለሚሸጥ፣ 800 እና 130፣ 930 ጋሎን ይመጣል። በመዝገቡና ታንኩ ውስጥ በተለካው ነዳጅ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ካለፈ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሁለት ወር ተከታትሎ ካለፈ ለስቴቱ ይነገራል። ይህን መንገድ ዛሬ ብቻውን እንደ መቆጣጠሪያ መጠቀም ለአብዛኛው ታንክ አይፈቀድም። እንደ ማንቂያ ግን ከእሱ የረከሰ ነገር አላውቅም፤ እርሳስና ወረቀት ነው የሚፈልገው።

ለምን ይህን ያህል ይጨነቃሉ የሚል አለ። ከቤንዚን ጋር ስሙ የሚቀራረብ ቤንዝን የሚባል ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር በቤንዚኑ ውስጥ አለ። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የተፈቀደው መጠን ከአንድ ቢሊዮን 5 እጅ ነው። በአንድ ጋሎን ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዝን ከ4 ሚሊዮን ሊትር ያላነሰ ውሃን ወደዚያ ወሰን ለማድረስ ይበቃል። አንድ ጋሎን! ጎረቤት ያሉ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ታንኩን ማውጣት ነው።

መጀመሪያ ስልክ ብያለሁ። በፌዴራሉ ደንብ ታንክን ለዘለቄታው ከመዝጋታችሁ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማችሁ ለስቴቱ ታሳውቃላችሁ። በቨርጂኒያ የአካባቢው የሕንፃ ወይም የእሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል፤ በሜሪላንድ ታንኩን የሚያወጣው ሰው ራሱ የስቴቱ ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል። ኮንትራክተሩን «ሰርተፊኬትህን አሳየኝ» በሉት፤ ቅጂውን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። 811 ይደወላል፤ የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመር በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ኢንሹራንሱ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ቁፋሮ የሚመጣው።

ሽያጭ አቁማችሁ ታንኩን እንዲሁ ትታችሁት ከሆነስ? ጊዜያዊ መዝጋት ይባላል። ከ3 ወር ካለፈ የአየር ማስወጫውን ክፍት ትታችሁ ሌላውን መስመርና ፓምፕ ሁሉ ክዳን አድርጋችሁ ትቆልፋላችሁ። ታንኩ «ባዶ» የሚባለው የቀረው ነዳጅ ከ1 ኢንች በታች ሲሆን ነው፤ 2 ኢንች ካለበት እንደ ሙሉ ታንክ መቆጣጠራችሁን ትቀጥላላችሁ። የደንቡን መስፈርት የማያሟላ ታንክ ከ12 ወር በላይ በዚህ ሁኔታ አይቀመጥም፤ ወይ ይወጣል ወይ ማራዘሚያ ይጠየቃል። ማራዘሚያ ለመጠየቅ ደግሞ አስቀድሞ አፈሩ ይመረመራል። ጊዜያዊ መዝጋት እንደ መደበቂያ አያገለግልም።

የሥራው ቀን ሲደርስ፣ መስመሮቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ከዚያ ታንኩ ይመጠጣል፤ ከታች የሚቀረው ዝቃጭና የታጠበበት ውሃ ለብቻው ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በጽዳቱ ጊዜ የሚወጣው ነዳጅ የነካው አፈር በፌዴራል ሕግ ከአደገኛ ቆሻሻ ደንብ በከፊል ነጻ ተደርጓል፤ የታንኩ ዝቃጭ ግን ያ ነጻነት የለውም። ስለዚህ ይመረመራል፣ የት እንደሄደ የሚያሳይ ማኒፌስት ይያዝለታል። ማኒፌስቱ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ኮንትራክተሩ መንገድ ላይ ቢደፋው ፊርማው የእናንተ ነው።

ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይልቅ አደገኛ ነው። ለምን? ሙሉ ታንክ ውስጥ አየር የለም። ባዶው ውስጥ እንፋሎትና አየር ተደባልቀዋል። የቤንዚን እንፋሎት በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ ወይ በአየር ማስወጫ ይነፋል፣ ወይ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ይጨመርበታል። ልኩ ለ100 ጋሎን ይዘት 1 ተኩል ፓውንድ ነው፤ ለ10,000 ጋሎን ታንክ 150 ፓውንድ። በረዶው ተሰባብሮ ታችኛው ወለል ላይ ይበተናል እንጂ በአንድ ቦታ አይከመርም። ከዚያ የጋዝ መለኪያው ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይለካል። ከላይ ብቻ ለክቶ «ንጹሕ ነው» የሚል ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ፤ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚተኛው። ደረቅ በረዶ ያለበት ታንክ ውስጥ ማንም አይገባም፤ መተንፈሻ ኦክስጅን የለውም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር ውሃ ነው። ዝናብ ጠንክሮ ከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ባለበት ወቅት ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ ኮንክሪቱን አንሥቶ፣ «ሰኞ እንመለሳለን» ብሎ የሚሄድ ኮንትራክተር አለ። ባዶ ታንክ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፤ መስመሮቹን እየበጣጠሰ ይነሣል። የተከፈተ ጉድጓድ አርብ ማታ ክፍቱን አያድርም።

ታንኩ ሲወጣ ሥራው አለቀ የሚመስላቸው አሉ። ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ናሙናው! ከታንኩ ሁለት ጫፎች ሥር፣ ከእያንዳንዱ ፓምፕ ሥር፣ መስመሩ ባለፈበት ሁሉ አፈር ይወሰዳል፤ ውሃ ከወጣ ውሃውም ይወሰዳል። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ተቀምጦ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ወረቀት ተያይዞለት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ወረቀቱ ከጎደለ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ ልትቆፍሩ ነው።

ታንኩ ሕንፃ ሥር ከሆነና ማውጣቱ ግድግዳ የሚያናጋ ከሆነ ታጥቦ፣ በአሸዋ ወይም በቀጭን ኮንክሪት ተሞልቶ እዚያው እንዲቀር ሊፈቀድ ይችላል። ናሙናው ግን አይቀርም። የእኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ ማውጣት ከተቻለ አውጡት። እዚያው የቀረ ታንክ ማደያውን በምትሸጡበት ቀን የገዢው ባንክ መልሶ ያነሣዋል።

አሁን፣ አፈሩ ቢሸትስ? ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። በ24 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ይነገራል። በ20 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሪፖርት፣ በ45 ቀን ውስጥ የቦታው ጥናት ይቀርባል። «አፈሩን ቶሎ እንመልሰውና አስፋልት እናልብሰው» የሚል አማካሪ ይመጣል፤ አንዳንዴም ዘመድ ነው። አትስሙት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መደበቁ ሲታወቅ ቅጣቱ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ጽዳቱን ሊከፍልላችሁ ይችል የነበረው ገንዘብም በሩን ይዘጋባችኋል።

በዚሁ ወደ ሦስተኛው ነጥብ እንግባ። ገንዘቡ።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናስወግድ። «ፌዴራሉ ፈንድ አለው፤ በየጋሎኑ እንከፍል የለ?» ይባላል። አዎ፣ በ1986 የተቋቋመ ፈንድ አለ። በየጋሎኑ የአንድ ሳንቲም አንድ አሥረኛ ይገባለታል፤ ከ10,000 ጋሎን 10 ዶላር። ግን ያ ገንዘብ በቀጥታ ለባለማደያ አይሰጥም። ለስቴቶች ይሰጣል፤ ጽዳትን እንዲቆጣጠሩበት፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ወይም መክፈል የማይችል ቦታን እንዲያጸዱበት። ባለቤት እያለ ስቴቱ በዚያ ገንዘብ ካጸዳ ወጪውን ከባለቤቱ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል።

እናንተ ላይ ያለው ግዴታ የገንዘብ ዋስትና ማሳየት ነው። ነዳጅ ሸጣችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር መሸፈን እንደምትችሉ በወረቀት ታሳያላችሁ፤ እስከ 100 ታንክ ላለው ዓመታዊ ጣሪያው እንዲሁ 1 ሚሊዮን ነው። መጠኑ ለምን እንዲህ በዛ? ትንሽ አፈር ብቻ አውጥቶ የሚያልቅ ጽዳት ወደ 10,000 ዶላር ሊጨርስ ይችላል። ከርሰ ምድር ውሃ ከተነካ ግን ከ100,000 ዶላር ይጀምርና 1 ሚሊዮንን ሊያልፍ ይችላል።

ዋስትናው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ወይ ከስቴት ፈንድ ወይ ከግል ኢንሹራንስ። ቨርጂኒያ የስቴት ፈንድ አላት። እዚያ የመጀመሪያውን ድርሻ እናንተ ትሸፍናላችሁ፤ ድርሻው በዓመት በምትሸጡት ጋሎን ልክ ይጨምራል፤ ያን ድርሻ መክፈል እንደምትችሉም ማሳየት አለባችሁ። እዚህ ሰው የሚወድቀው የት ነው? ፈንዱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱንና ዋጋውን አይቶ ማጽደቅ ይፈልጋል። ሰው ግን አፈሩ ሲሸት ይደነግጣል፤ ኮንትራክተሩ በስምንት የጭነት መኪና አፈር ያወጣል፤ ሂሳቡ ከዚያ በኋላ ይቀርባል። ያልጸደቀ ሥራ፣ ያልጸደቀ ዋጋ፣ የጎደለ ደረሰኝ፣ ይህ ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። መፍሰሱን ለማስቆም የሚደረገው አስቸኳይ እርምጃ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አይጠብቅም። አስቸኳይ ያልሆነው ግን ይጠብቃል። መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ቁፋሮ!

በሜሪላንድና በዲሲ ብዙ ባለማደያ የሚይዘው የግል ኢንሹራንስ ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ በደንብ አዳምጡኝ። የታንክ ኢንሹራንስ እንደ መኪና ኢንሹራንስ አይሠራም። የሚሸፍነው ፖሊሲው በሥራ ላይ ሳለ የቀረበን ጥያቄ ነው፤ በተጨማሪም ሪትሮአክቲቭ የሚባል ቀን አለው። ከዚያ ቀን በፊት የጀመረ መፍሰስ አይሸፈንም።

እንበል ፖሊሲያችሁ ጁን 30 አለቀ። ሌላ ኩባንያ ረከሰላችሁና ቀየራችሁ። አዲሱ ሪትሮአክቲቭ ቀኑን ጁላይ 1 አደረገው፤ እናንተ አላያችሁትም። ኖቬምበር ላይ ታንክ አወጣችሁ፤ አፈሩ ይሸታል። ላቦራቶሪው ኤምቲቢኢ የሚባለውን የቆየ ቅመም አገኘበት፤ ይህ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአሜሪካ ቤንዚን ውስጥ የማይጨመር ነገር ነው። አዲሱ ኩባንያ ምን ይላል? «ከእኔ ቀን በፊት የፈሰሰ ነው» ይላል፤ ትክክልም ነው። አሮጌውስ? የፌዴራሉ ደንብ ፖሊሲው ካበቃ በኋላ ለ6 ወር ጥያቄ ማቅረብ እንዲፈቀድ ያስገድደዋል፤ የአሮጌው ፖሊሲ ሪትሮአክቲቭ ቀን ወደ ኋላ በቂ ርቀት ከሄደ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ጊዜ አላችሁ። ጃንዋሪ ላይ ብታስታውሱት ምንም የለም። በዋጋ ልዩነት ያተረፋችሁት ጥቂት መቶ ዶላር ማደያውን በላው ማለት ነው። ኩባንያ መቀየር አይከለከልም፤ ግን አዲሱ የአሮጌውን ሪትሮአክቲቭ ቀን እንዲቀበል በጽሑፍ ጠይቁ። አሻፈረኝ ካለ አትቀይሩ።

አንዳንድ ፖሊሲ ደግሞ እናንተ በፈቃዳችሁ አስቆፍራችሁ ያገኛችሁትን ብክለት አልሸፍንም ይላል። ታንክ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሐረግ ፈልጉት፤ ካለ፣ ከቁፋሮው በፊት ከኢንሹራንሱ ጋር በጽሑፍ ተነጋገሩ።

እንዲሁም ይህን ለይታችሁ ያዙ፦ ፈንዱም ኢንሹራንሱም በአብዛኛው የሚከፍሉት ለጽዳት ነው። ታንኩን ለማውጣትና አዲስ ለመቅበር አይከፍሉም፤ እሱ የእናንተ ወጪ ነው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ዘመዶች ካሉ ንገሯቸው። እዚያ በ2014 የወጣ ሕግ ነጠላ ግድግዳ ያላቸው ታንኮች እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 እንዲዘጉ አዝዟል፤ ለአነስተኛ ነጋዴ ታንክ ለማውጣትና ለመለወጥ የሚሰጥ የስቴት ብድርና ድጎማም አለ። እኛ አካባቢ ግን ከአሁኑ በየወሩ እየቆጠቡ ማስቀመጥ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ማደያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በእናንተ ላይ በጣም እሰጋለሁ። ቁጠባውን ሁሉ፣ የወንድም የእህት ዕቁብ ጨምራችሁ ታመጣላችሁ፤ ሻጩ «ታንኩ ንጹሕ ነው» ይላችኋል። ማን መረመረው? መቼ? ሪፖርቱ የታለ? በሕጉ ፊት ባለቤትም ተጠያቂ ነው፣ በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰውም ተጠያቂ ነው። ሊዝ ብቻ ነው የያዝኩት ማለት አያድንም። ከመፈረማችሁ በፊት የአፈርና የውሃ ምርመራ ይደረግ፤ የነበረው ብክለት ከነመጠኑ በጽሑፍ ይያዝ፤ ለእሱ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሚቻል ከሆነ ከዋጋው የተወሰነ ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ። ከስቴቱ የታንክ መዝገብ ላይ የታንኮቹን ቁጥር እዩ፤ መዝገቡ ሦስት ብሎ ግቢው ውስጥ አራት የአየር ማስወጫ ቱቦ ከቆመ አራተኛው ታንክ የት ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ባለቤትነቱ መቀየሩን በ30 ቀን ውስጥ ለስቴቱ አሳውቁ።

የመዝጊያ ሪፖርቱን ፌዴራሉ ቢያንስ ለ3 ዓመት ያዙ ይላል። እናንተ ለ3 ዓመት አትያዙት። ለልጆቻችሁ ከቤት ካርታ ጋር አስቀምጡት።

ብዙ አወራሁ፤ ታግሣችሁ ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። ፖሊሲያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አውጡት፤ ሪትሮአክቲቭ ቀን የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ታገኙታላችሁ። ያጣችሁት ካላችሁ እጃችሁን አንሡ፣ እዚያ መጥቼ አብረን እንፈልገዋለን።